የዘንጋር ሰንሰለት ሦስቱ ቀለማት

ንጉሥ ተድባብ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ በመከር መግቢያ፣ በሜራን ከተማ ያለ ቀይ የወርቅ ጉትቻ ሁሉ በአንድ ማለዳ ጠቁሮ ተገኘ። ሴቶች ከመኝታቸው ተነሥተው ጆሯቸውን ሲነኩ ጣታቸው ጥላሸት የነካ መሰለ። በየመደብሩ የተሰቀለው ቀይ ድሪ ከሰል ሆነ፤ አረንጓዴው ወርቅም ደበዘዘ። እንደ ትናንቱ ሲያበራ የተገኘው ምንም ያልተቀላቀለበት ጥሩ ወርቅ ብቻ ነበር።

የቤተ መቅደሱ ሊቃውንት ተሰብስበው መከሩና በአደባባይ ቃል አወጡ። «ሰማይ ወርቃችንን ፈተነ» አሉ። «ንጹሑን ከርኩሱ ለየ። ባዕድ የገባበት ወርቅ ሁሉ ውሸት ነው፤ ከመካከላችን ይውጣ።» ትርጓሜው ቀላል ስለ ነበር አገሩ ሁሉ ተቀበለው። ድብልቅ ወርቅ ያለው ሰው እያመጣ ለመንግሥቱ ምድጃ አስረከበ።

በሜራን ግን ከጉትቻና ከድሪ ሁሉ የሚበልጥ አንድ የወርቅ ሥራ ነበር። ከከተማዋ በታች በተንጣለለው በጼራ ሐይቅ ውስጥ ዘንጋር የሚባል የውኃ ኮርማ ይተኛል። ዘንጋር ከተነሣ ሐይቁ አብሮት ይነሣል። የጥንት ሰዎች አፍንጫውን በስተው፣ ከባሕሩ ዳር ካለው የድንጋይ ዓምድ ጋር በሰንሰለት አስረውት ነበር። የጼራ ውኃ ብረትን በአንድ ክረምት ይበላል፤ ነሐስንም ብዙ አያቆየውም። ወርቅን ግን አይነካም። ስለዚህ ሰንሰለቱ የወርቅ ነበር። ለአፍንጫው የሚቀርቡት፣ የእንስራ አፍ የሚያካክሉት ሦስቱ ቀለበቶች፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ ነበሩ።

በየዓመቱ በሰንሰለት በዓል የአንጥረኞች አለቃ ከዓምዱ ሥር ይቆማል። ሕዝቡ «ሰንሰለቱ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አለቃውም «ባዕድ ያልገባበት ጥሩ ወርቅ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ እልልታ ይሆናል። መልሱ እውነት አልነበረም። ማን እንደ ጀመረው የሚያስታውስ የለም። ምናልባት አንድ የጥንት አንጥረኛ የአገሪቱ ታላቅ ሥራ መዳብ አለበት ብሎ በሕዝብ ፊት ለመናገር አፍሮ ይሆናል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ቅልቅሉን በሥራ ቤት፣ መልሱን በባሕሩ ዳር ተማሩ፤ ሁለቱ አንድ ቀን እንደሚጣሉ ግን ያሰበ አልነበረም።

ንጉሡ ሰንሰለቱ እንዲመረመር አዘዘ። የመፈተኛው ድንጋይ ሹም አዛዥ ቀጸላ በጀልባ ገብቶ፣ ኮርማው ሳይተነፍስ በተኛበት ጥቂት ጊዜ ሦስቱን ቀለበቶች በጥቁር ድንጋዩ ላይ አንድ በአንድ ፋቀ። በቀዩ ውስጥ መዳብ፣ በአረንጓዴው ውስጥ ብር፣ በነጩ ውስጥ ከወንዝ አሸዋ የሚለቀም ከባድ ነጭ ማዕድን አገኘ። ያገኘውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ።

የአንጥረኞቹ አለቃ ብጡል ወደ ችሎት ተጠራ። «ሰንሰለቱ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ጥሩ ወርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ኮርማ አይይዝም» አለ። ነገር ግን ያው ሰው በየዓመቱ በአገር ፊት ቆሞ ሌላ ነገር ሲናገር ሁሉም ሰምቷል። በራሱ ላይ የመሰከረው ራሱ ሆነ። የአገር ወርቅ ሰርቆ መዳብ ተካ ተብሎ ተፈረደበት። ወርቅ ላጭበረበረ አንጥረኛ የሜራን ሕግ አውራ ጣቶቹን ይቆርጣል፤ የብጡልም ተቆረጡ። ከዚያ በባሕሩ ዳር ባለው፣ የውኃ ቤት በሚባለው የድንጋይ እስር ቤት፣ እግሩ በብረት ታስሮ ተቀመጠ።

ሦስቱ ቀለበቶች ተፈትተው ርኩስ ስለ ተባሉ ቆባር ገደል ተጣሉ። በምትካቸው ሦስት የጥሩ ወርቅ ቀለበቶች ተሠሩ። አዲሶቹን የገጠማቸው፣ እንደ ልማዱ፣ ከአንጥረኞቹ ሁሉ የሸመገለውና ዓይኑ የፈዘዘው ነበር። ልማዱ ምክንያት ነበረው፤ የዘንጋር ትንፋሽ ከቅርብ የነካው ሰው ቀለም ያጣል። ዓይኑ ያያል፣ ነገር ግን ቀዩም አረንጓዴውም ቢጫውም አመድ ይሆንበታል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚገባው ቀለም ከእንግዲህ ለሥራው የማያስፈልገው ሰው ነበር። ሽማግሌው ሥራውን ጨርሶ በዚያው ወር ሞተ። የቀሩት አንጥረኞች የአለቃቸውን እጅ አይተው አገር ጥለው ሄዱ። ለአባቷ ምግብ የምታደርስ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች፤ አንጓች የምትባል የብጡል ልጅ።

ክረምቱ ሲገባ ኮርማው በእንቅልፉ ተገላበጠ። አዲሶቹ ቀለበቶች አልተሰበሩም። እንደ ሊጥ ተለጠጡ። ዘንጋር ከዓምዱ አንድ እርምጃ ራቀ፤ ሐይቁም በታችኛው ከተማ ደጃፎች ላይ ወጣ።

ያን ጊዜ ንጉሡ አንጓችን አስጠራት።

ንጉሥ ተድባብ ጨካኝ ሰው አልነበረም። ለነገር ሁሉ አንድ ትክክለኛ መልስ አለ ብሎ የሚያምን፣ መልሱን ሲያገኝ የሚያርፍ ሰው ነበር። አንጓች በፊቱ ስትቆም እንቅልፍ ያጣ ፊቱን ከእጁ ላይ አነሣ።

«አባትሽ ዋሽቷል» አላት።

«ዋሽቷል፣ ጃንሆይ። ሁላችንም ዋሽተናል። ሰንሰለቱ ግን አልዋሸም።»

«ጉትቻዎቹስ? ለምን ጠቆሩ?»

«ኮርማው በእንቅልፉ ስለ ተነፈሰ ነው። ቀይ ወርቅ ትንፋሹን ቀድሞ ያሸታል። በሐይቁ ዳር ያሉ ሴቶች ድሮ ቀይ ወርቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነበር፤ ሲጠቁር ‹ሰንሰለቱን እዩ› ማለቱ ነው። እኛ ግን ጉትቻውን ራሱን ከሰስነው።»

አዛዥ ቀጸላ ከዙፋኑ በስተግራ ቆሞ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲያው አዲስ ድብልቅ ይሠራ» አለ። «መዳብ በአገሩ ሞልቷል።»

አንጓች ከመቀነቷ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣች። የቀይ ወርቅ ቀለበት ነበር፤ ትንሽ፣ ለሙከራ የተሠራ። ከድንጋዩ ወለል ላይ ለቀቀችው። እንደ ገል ተሰበረ።

«የአገራችን መዳብ እርሳስ አለበት» አለች። «እርሳስ የነካው ወርቅ እንዲህ ነው። ንጹሕ መዳብ የሚወጣበት ጉድጓድ ከአያቶቻችን ዘመን በፊት ተንዷል። የጉትቻዎቹን ምድጃው አቃጥሎታል፤ ያ መዳብ አሁን ያለው በአሮጌው ቀለበት ውስጥ ብቻ ነው።»

ንጉሡ ስብርባሪውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያም ቀለበቶቹን የጣለው ሻለቃ ጓንጉል እንዲመራት፣ አዛዥ ቀጸላ ደግሞ የምታመጣውን እንዲመረምር አዘዘ። «ሰንሰለቱ ከያዘ አባትሽ ነጻ ነው» አለ። «ካልያዘ ውኃው ከሁላችን በፊት እርሱን ያገኘዋል። ይህን ለማስፈራራት አልልም። የብረቱን ቁልፍ ሐይቁ በልቶታል፤ መክፈት አልቻልንም።»

አንጓች እጇን በችሎቱ እሳት ላይ ዘረጋች። «በእሳት ፊት እምላለሁ» አለች። «ሦስቱን ቀለበቶች ሳላመጣ ወናፍ አልነካም። ከዛሬ ጀምሮም በወርቅ ውስጥ ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ አልልም።»

በውኃ ቤት ብጡል በጨርቅ የተጠቀለሉ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ተቀምጦ ነበር። ውኃው ቁርጭምጭሚቱን ሸፍኗል።

«ገደል ሊልኩሽ ነው አሉ።»

«አዎ፣ አባዬ። ከጓንጉልና ከአዛዥ ቀጸላ ጋር።»

ብጡል ጥቂት አሰበ። «ቀጸላ በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችልም» አለ። «አትቸኩሉበት፤ ይወድቅና ትዘገያላችሁ።»

አንጓች ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ያመጣችለትን ቂጣ እየቆረሰች አጎረሰችው። ከዚያ ሁለቱም ሲሸሹት የነበረውን ነገር አነሣች። «የሚገጥመው ማን ነው?»

«ተራው የእኔ ነበር። ዓይኔም ደክሟል፤ ምንም አይቆጨኝም ነበር።» እጆቹን ወደ ብርሃን አነሣ። «አውራ ጣት የሌለው ሰው ግን ቁልፍም አይቆልፍም።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ።»

አባቷ አላያትም። ልጁ ገና ትንሽ ሳለች ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ የቀለጠው ወርቅ መቼ እንደ ደረሰ ከቀለሙ ለይታ ከእርሱ ቀድማ ትነግረው ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን በቤተሰቡ አልታየም ነበር። «መጀመሪያ ቀለበቶቹ ይምጡ» አለ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ስሚኝ። ቀዩ ጠንካራ ነው፤ መጎተቱን እርሱ ይችላል። አረንጓዴው ገር ነው፤ ይታጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። ነጩ እንደ ቀስት ነው፤ ቢለጠጥም ይመለሳል። የመዝጊያው ችንካር ግን ከጥሩ ወርቅ ይሁን። ጥሩ ወርቅ ከራሱ ጋር ሲጫኑት ያለ እሳት ይያያዛል። ለመጎተት አይሆንም፤ ለመያያዝ ግን የሚተካከለው የለም። እነርሱ የኛን ናቁ ብለሽ አንቺም የእነርሱን አትናቂ።»

ወደ ቆባር የሚወስደው መንገድ ጭንጫ ነበር። ጓንጉል በእግሩ ቀድሞ ይሄዳል፤ ሸምገል ያለ፣ ጋሻው የዛገ፣ ጢሙ የተንጨባረረ ወታደር ነው። ሚስቱ ካለፈች ወዲህ ልብሱንም መሣሪያውንም አይጠርግም ይሉታል። አዛዥ ቀጸላ ከኋላ በበቅሎ ይከተላል። ከአንገቱ የሹመቱ የብር ማኅተም ተንጠልጥሏል፤ ጠዋት ጠዋት በሻሽ ይወለውለዋል።

«አዛዥ» አለ ጓንጉል ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «በቅሎዋን ያዝ እንጂ አትቀፋት። ያገባሃት መስሏት ታፍራለች።»

«አንተ ደግሞ ያን ጋሻ ጥረገው። ጎመን የበቀለበት መስሏል።»

«ለመንገድ ስንቅ ነው።»

አንጓች በመካከላቸው ትሄዳለች። በአባቷ ላይ ያስፈረደውን ሰው ለመጥላት ሞክራ ነበር፤ አልቀለላትም። ቀጸላ በየማረፊያው የእርሷን ውኃ አስቀድሞ ይቀዳል፤ ስለ ሰጣትም ነገር ምንም አይናገርም።

ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ጓንጉል ቆመ። «የጣልኩት እዚህ ነው» አለ። «ግን ከታች አልደረሱም። ለቃሞቹ አየር ላይ ተቀበሏቸው።»

ለቃም ሰው የሚያህል ቁመት ያለው አሞራ ነው። ላባው አመድ ነው፤ ጎጆው ግን በቀለም የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ለቃም አንድ ቀለም ብቻ ይለቅማል። ከአፋፉ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ የገደሉ ግድግዳ በጎጆ ተሞልቷል፤ አንዱ ሰማያዊ ጠጠር፣ አንዱ ቢጫ ሸክላ፣ አንዱ ቀይ ገል ታጭቆበታል።

«እናቴ የዚህ ገደል ሰው ነበረች» አለ ጓንጉል። «ሕጉን እኔ አውቀዋለሁ። ትወስዳለህ፤ ያንኑ ቀለም ትተካለህ። ቀለሙ ከተለየ ዓይንህን ይወስዳል።»

«ምን ዓይነት ነገር ነው የምንተካው? ወርቅ?» አለ ቀጸላ።

«ለቃም ወርቅ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፣ አዛዥ። ቀለም ነው የሚያውቀው።»

አረንጓዴው ቅርብ ነበር። ቀለበቱ በአረንጓዴ ድንጋዮች መካከል ተጋድሞ፣ የጠወለገ ሣር መስሎ ያበራል። ሦስቱም ኪሳቸውን ዳበሱ። በመጨረሻ አንጓች የጓንጉልን ጋሻ አየች፤ የነሐሱ እምብርት በሐይቁ አየር ዝጎ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። ነቅለው አወረዱት። ለቃሟ አንገቷን አዘንብላ መረመረችው፣ በመንቆሯ ገልብጣ አየችው፣ ከዚያም ከድንጋዮቿ መካከል ቦታ ፈልጋ አስቀመጠችው። አንጓች ቀለበቱን ቀስ ብላ ሳበች።

«ስንፍናህ አገር አዳነ» አለ ቀጸላ።

«ስንቅ ነው አላልኩህም?»

ለነጩ ቀጸላ ራሱ በገመድ ወረደ። የብር ማኅተሙን ከአንገቱ አውልቆ በጎጆው አኖረ። አሞራው አጎነበሰ፤ ወዲያውም ቀና ብሎ የቀጸላን ግንባር ነቆረው። ከላይ ሆና የምትመለከተው አንጓች ምክንያቱን አየች። በማኅተሙ መካከል፣ የንጉሡ ምልክት የሆነች የምስር ፍሬ የምታህል የጥሩ ወርቅ ኮከብ አለች።

«አዛዥ፣ ኮከቡን» ብላ ጮኸች። «ቢጫ ነው።»

ቀጸላ ደም ወደ ዓይኑ እየወረደ ኮከቡን በጥርሱ ነቅሎ ተፋው። አሞራው ማኅተሙን እንደገና አየና ተቀበለው። ሰውየው ነጩን ቀለበት በብብቱ ይዞ ወጥቶ ከሣሩ ላይ ተዘረጋ። ግንባሩን ስታስርለት «ከእኔ የባሰ ፈታኝ አገኘሁ» አለ።

ቀዩ ከሁሉ በታች ነበር። በጎጆው ያሉት ገሎችና ዘሮች ሁሉ ቀይ ነበሩ። ሦስቱ ግን ቀይ ነገር አልነበራቸውም። ድብልቅ ወርቅ በአዋጅ ተሰብስቧል፤ የልብሳቸው ጥለት በፀሐይ ደብዝዟል። ቀጸላ በግንባሩ ላይ ያለውን በደም የራሰ ጨርቅ አቀረበ። «ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል፤ ያኔ ተከትሎህ ይመጣል» አለ ጓንጉል። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ከደረቱ በክር የተሰፋ ጨርቅ አወጣና ስፌቱን በጥርሱ በጠሰ።

አንድ የጠቆረ ጉትቻ ነበር።

«የሚስቴ ነው» አለ። «አንዱን አብሬያት ቀበርኩት። ይህን ለምድጃው አስረክብ ሲሉኝ የለኝም አልኩ።» ወደ ቀጸላ ተመለከተ። «እንግዲህ መዝግበኝ።»

«ዛሬ ምንም አላየሁም» አለ ቀጸላ። «ዓይኔ ደም ገብቶበታል።»

ጉትቻው ጥቁር ነበርና ለቃሙ እንደማይቀበለው ግልጽ ነበር። አንጓች ከስንቁ ሎሚና ጨው አወጣች። ጓንጉል ግን ከእጇ ወሰደና ራሱ ማሸት ጀመረ። በወፍራም ጣቱ ረጅም ጊዜ አሸ። መጀመሪያ ጥቁሩ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ ከሥሩ እንደ በሰለ ቀይ በርበሬ ያለ ቀለም ብቅ አለ። ሚስቱ በሠርጓ ቀን ያደረገችው ቀለም ነበር። ጥቂት አየው፤ ከዚያም ገመዱን ያዘ።

ጓንጉል ቀዩን ቀለበት ይዞ ሲወጣ ቀጸላ ከልማድ ጥቁር ድንጋዩን አውጥቶ ፋቀው። ጭረቱን ትክ ብሎ ተመለከተ።

«መዳብ አለበት» አለ። «ድንጋዩ ያኔም ይህንኑ ነው የነገረኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የሌለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ‹መዳብ አለበት› አለኝ፤ እኔ ‹ስለዚህ ሌባ አለ› አልኩ። ሌባ በድንጋይ ላይ አይጻፍም ነበር።»

አንጓች ቀለበቱን ከእጁ ተቀበለች። «ለአባቴ ራስህ ንገረው» አለችው።

ወደ ሜራን ሲመለሱ ታችኛው ከተማ ውኃ ውስጥ ነበር። ሰዎች ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ኮረብታው ይወጣሉ። ከውኃ ቤት በር በላይ ባለችው ጠባብ መስኮት የብጡል ራስ ይታያል፤ ውኃው ደረቱ ደርሷል። ጓንጉል ጀልባ አስጠጋና በመስኮቱ በኩል «አለቃ፣ አመጣናቸው» አለው።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ልጄስ?»

«እዚህ ነኝ፣ አባዬ።»

«ችንካሩን ስትጫኚው አትቸኩይ» አለ ብጡል። «ሲይዝ በጣትሽ ታውቂዋለሽ።»

በሐይቁ መካከል የዘንጋር ራስ ከውኃ ወጥቶ ነበር። ደሴት ይመስላል፤ ከግንባሩ ላይ ውኃ በጅረት ይወርዳል። ዓይኖቹ ገና አልተገለጡም። ከአፍንጫው ወደ ዓምዱ የተወጠሩት የጥሩ ወርቅ ቀለበቶች ተለጥጠው የጣት ያህል ቀጥነዋል።

አንጓች ሦስቱን በኮረብታው ላይ ባለው ምድጃ አያይዛ መጥታለች። አንዱ ጫፍ ከዓምዱ በመጣው ሰንሰለት ገብቷል፤ የቀረው የመጨረሻው ቀለበት አፍ ነው፤ ያ በኮርማው አፍንጫ ሥር፣ ያለ እሳት፣ በጥሩ ወርቅ ችንካር ይዘጋል። ጀልባው ሲቀርብ ቀጸላ እጇን ያዛት።

«እኔ ልግባ» አለ። «እኔ ሸምግያለሁ። ቀለም ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?»

«ጣቶችህን አሳየኝ» አለችው። አሳያት። ለስላሳ፣ ብዕር ብቻ የያዙ ጣቶች ነበሩ። «ወርቁ መቼ እንደ ያዘ በምን ታውቃለህ?»

ቀጸላ እጁን መለሰ።

አንጓች ሰንሰለቱን ከማንሣቷ በፊት በጉልበቷ ላይ አድርጋ ተመለከተችው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታለች። ቀዩ እንደ ፍም ነበር። አረንጓዴው በመስከረም ያለ ማሳ፣ ነጩ የማለዳ ውርጭ። በእጇ መዳፍ ላይ ያለው ችንካር ብቻ ቢጫ ነበር። ለረጅም ጊዜ አላየቻቸውም፤ ጓንጉል ገመዱን በወገቧ አጥብቆ ሲጨርስ ተነሣች።

የኮርማው አፍንጫ በር የሚያህል ነበር። ቀለበቱን በተበሳው አፍንጫው አስገብታ አፉን አገጣጠመች፤ ችንካሩን ሰደደች፤ በሁለት አውራ ጣቶቿ መጫን ጀመረች። ዘንጋር ተነፈሰ። ትንፋሹ ሞቃት ነበር፤ ረግረግ ይሸታል። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ አፉ በትክክል መግጠሙን ማየት ነበረባት።

መጀመሪያ ቀዩ ሄደ። ከጫፉ ጀምሮ እየጠፋ ሄዶ አመድ ሆነ። ከእርሱ በኋላ አረንጓዴው፣ ከዚያም በኮረብታው ላይ ያለው ሣርና የሰው ልብስ ሁሉ። መጨረሻ የቀረው በጣቶቿ ሥር ያለው ቢጫ ነበር፤ እርሱም ሄደ። ያን ጊዜ ጣቷ አወቀ። ችንካሩ ከራሱ ጋር ተያያዘ።

«ያዘ» አለች።

ጓንጉል ጎትቶ ወደ ጀልባው ሲያስገባት የጥሩ ወርቁ ቀለበት ሳይሰማ ተበጠሰ። ዘንጋር ዓይኑን ገለጠና ራሱን አነሣ። ሐይቁም አብሮት ተነሣ፤ ጀልባው ወደ ሰማይ ወጣ። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ቀዩ መጎተቱን ቻለ። አረንጓዴው ታጠፈ፣ አልተሰነጠቀም። ነጩ ተለጠጠና ተመለሰ፤ ሲመለስም የኮርማውን ራስ ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ እጅ፣ ወደ ውኃው መለሰው። ዘንጋር አንድ ጊዜ አጓራ። ከዚያ ዓይኑ ተከደነ፣ ግንባሩ ሰጠመ፣ ውኃውም ከታችኛው ከተማ ደጃፎች እየተንሾካሾከ ወረደ።

ብጡልን ያወጡት በማግሥቱ፣ ሐይቁ ያሳሳውን የእግሩን ብረት በሞረድ ቆርጠው ነው። ሞረዱን ከያዙት አንዱ አዛዥ ቀጸላ ነበር። የተነጋገሩትን ማንም አልሰማም፤ ሁለቱም ሲወጡ ግን ቀጸላ ሽማግሌውን ደግፎ ነበር።

በዚያ ዓመት በሰንሰለት በዓል ብጡል እንደ ድሮው ከዓምዱ ሥር ቆመ። ንጉሡ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ነበር፤ ወንበር አላስቀረበም። ሕዝቡ «ሰንሰለቱ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ወርቅ ነው» አለ ብጡል። «መዳብ አለበት። ብር አለበት። ከወንዝ አሸዋ የተለቀመ ነጭ ማዕድን አለበት። ጥሩ ወርቅም አለበት፣ በቦታው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የሁለት ሰዎች ነገርም አለበት፤ የአንዱ ጉትቻ፣ የአንዲቱ ዓይን። እርሱን ድንጋይ አያሳይም።»

ሕዝቡ እንዲህ ላለ መልስ እልል ይባል እንደ ሆነ አላወቀም። ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ከዚያ በኋላ በብጡል ሥራ ቤት ሥራው እንዲህ ሆነ። አባት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ በደከመ ዓይኑ ወደ እሳቱ ይጠጋል። ልጅ ወናፉንና ጉጠቱን ትይዛለች።

«አሁንስ?» ትላለች።

«እንደ ብርቱካን ነው። ቆዪ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አፍስሺ።»

አንጓች መጀመሪያ የሠራችው ጌጥ ከአሮጌው ቀለበት ተሞርዶ በቀረ ቀይ ወርቅ ነበር፤ አንድ ጉትቻ። ለጓንጉል ሰጠችው። ጓንጉል በመዳፉ ይዞ ብዙ ጊዜ አገላበጠው፤ ከዚያ ደረቱ ላይ አልሰፋውም። በሥራ ቤቱ በር ላይ ሚስማር መትቶ ሰቀለው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንዲነካው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ወደ ዘቡ ሲወርድ በበሩ ያልፋል። ቆም ብሎ ጉትቻውን ያያል፤ ያየውንም ለአንጓች ይነግራታል።

«ቀይ ነው» ይላል።

«እሺ፣ ጋሼ» ትለውና ወናፉን ትጀምራለች።